«ወተት በጉንጬ» የትኛው ዓምድ ውስጥ ይጻፍ?

ወሎ ውስጥ «ወተት በጉንጬ» የሚባል ማሽላ አለ። «ማርጩቄ» የሚባልም አለ። ስሙን ያወጣው ገበሬ ላቦራቶሪ አልነበረውም። እሸቱን ጠብሶ ሲበላ አፉ ውስጥ የቀረውን ጣዕም ነው ስም ያደረገው።

እ.ኤ.አ. በ1973 በአሜሪካ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሲንግ እና አክስቴል በሺዎች የሚቆጠሩ የማሽላ ናሙናዎችን ፈትሸው፣ ሁለት የኢትዮጵያ ማሽላዎች ከሌሎቹ የላቀ ላይሲን እንዳላቸው አሳወቁ። ላይሲን ሰውነታችን ራሱ የማይሠራው፣ ከምግብ ብቻ የሚያገኘው የፕሮቲን ክፍል ነው። ማሽላ በተፈጥሮው የሚጎድለው ደግሞ ይኸው ነው። «ወተት በጉንጬ» እና «ማርጩቄ» የእነዚህ ላይሲን የበዛባቸው ማሽላዎች ወገን ናቸው።

እስቲ አሁን ነገሩን ገልብጣችሁ እዩት። የእነዚህ ማሽላዎች ፍሬ ሲደርቅ ይጨማደዳል፤ ምርታቸውም ከሌላው ያንሳል። የተለመደውን ቅጽ ይዞ ማሳ የገባ ባለሙያ ምን ይጽፋል? «የፍሬ ክብደት፦ ዝቅተኛ። የፍሬ ቅርጽ፦ የተጨማደደ።» ስሙን «የአካባቢ መጠሪያ» የሚል ዓምድ ውስጥ ከትቶ ያልፋል። ቅጹ አልዋሸም፤ ዋናውን ነገር ግን አልያዘም።

ይህን ያነሣሁት ዛሬ «ዲጂታል» የማይባልበት ስብሰባ ስለሌለ ነው። የዘር መረጃም ወደ ኮምፒውተር መግባቱ አይቀርም፤ መግባትም አለበት። ጥያቄው ሶፍትዌሩ ሲታቀድ መጀመሪያ ምን ይጠየቅ የሚለው ነው። የኔ መልስ አጭር ነው፦ ከኮዱ በፊት ቃሉ ይቅደም።

ለምን? አሁን ያለውን ችግር እንይ። አንዱ ተመራማሪ በኤክሴል ሰንጠረዡ ላይ «ቁመት 180» ብሎ ይጽፋል። ሌላው «ፒ ኤች 1.8» ይላል፤ በእንግሊዝኛ የተክል ቁመት ምህጻር መሆኑ ነው። ሦስተኛው ይህን ሲያይ የአፈር አሲድነት ይመስለዋል። ቁመቱ የተለካው እስከ ዛላው ጫፍ ነው ወይስ እስከ መጨረሻው ቅጠል? አልተጻፈም። አንዱ ጋ «1» ማለት በሽታን በደንብ የተቋቋመ ነው፤ ሌላው ጋ «1» የመጨረሻው ደካማ ነው። የለካው ሰው ጡረታ ሲወጣ የቁጥሩ ትርጉም አብሮት ይወጣል።

ለዚህ የተፈጠረው መፍትሔ ኦንቶሎጂ ይባላል። ስሙ ያስፈራል እንጂ ነገሩ ቀላል ነው። ኮምፒውተር የሚያነበው የቃላት መዝገብ በሉት። እያንዳንዱ ጽንሰ ሐሳብ የማይለወጥ መለያ ቁጥር አለው፣ ፍቺ አለው፣ ከሌላው ጋር ያለው ዝምድና ተጽፏል፦ ፍሬ የዛላ ክፍል ነው፣ ዛላ የተክል ክፍል ነው እያለ ይቀጥላል። ዓለም አቀፍ የግብርና ምርምር ማዕከላት የሚጠቀሙበት የሰብል ኦንቶሎጂ ደግሞ ሦስት ነገሮችን ያጣምራል፦ የሚለካው ባሕርይ፣ የተለካበት ዘዴ፣ የመለኪያው ሚዛን። «የተክል ቁመት፤ ሰብሉ ሲደርስ ከመሬት እስከ ዛላው ጫፍ፤ በሴንቲሜትር።» እንዲህ የተጻፈ ቁጥር ከሃምሳ ዓመት በኋላም ይነበባል።

ታዲያ ሶፍትዌሩን ገዝተን፣ መዝገቡን ከውጭ አምጥተን ብንሞላው አይበቃም? አይበቃም። መዝገቡ ውስጥ ያለው ሰዎች ሊለኩት የመረጡት ነገር ነው። ያልተመረጠው ዓምድ የለውም፤ ዓምድ የሌለው ደግሞ አይፈለግም፣ አይገኝም።

ይህ ስጋት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት አለ። በአማራና በትግራይ ሁለት ቦታዎች፣ በእያንዳንዳቸው 30 ገበሬዎች 400 የፓስታ ስንዴ ዓይነቶችን ገመገሙ፤ ቶሎ መድረሱን፣ የዛላውን ሁኔታ፣ ከአንድ ዘር የሚወጣውን የግንድ ብዛት፣ ጠቅላላ ጥራቱን። 192,000 ነጥቦች ተሰበሰቡ። ከገበሬዎቹ ምዘና ጋር የተያያዙ 124 የዘረመል ሥፍራዎች ተገኙ። በዚያው ስንዴ ላይ ተመራማሪዎች በሜትርና በሚዛን ለክተው ካገኟቸው ጋር የተገጣጠሙት 20ዎቹ ብቻ ነበሩ። የቀሩትን ማስመሪያው አላያቸውም። ገበሬው ያየው ነገር ግምት ብቻ ሳይሆን እዘሩ ውስጥ የተጻፈ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው። የወንዶቹና የሴቶቹ ምርጫም አንድ አልነበረም፤ የሁለቱ ቦታዎችም እንዲሁ።

«የየመንደሩን ቃል ሁሉ ብናስገባ ማን ከማን ጋር ይግባባል?» የሚሉ አሉ። ተገቢ ጥያቄ ነው። አንዱ ወረዳ የሚለው ቃል ጎረቤቱ ወረዳ ሌላ ትርጉም ሊኖረው ይችላል። ነገር ግን ኦንቶሎጂ የተፈጠረው ለዚሁ ነው። መለያ ቁጥሩ አንድ ሆኖ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በሲዳምኛ ብዙ መጠሪያ ሊሸከም ይችላል። ከነበረው ጽንሰ ሐሳብ ጋር የማይገጥም ቃል ሲመጣ ደግሞ በግድ አይጠጋም፤ አዲስ ቁጥር ይጠየቅለታል። ሥራው አድካሚ ነው፣ ሰው ይፈልጋል፣ ገንዘብም ይፈልጋል። የማይቻል ግን አይደለም።

ስለዚህ የዚህ ዓይነት ሶፍትዌር የሚያቅዱ ሰዎች ጨረታ ከማውጣታቸው በፊት አራት ነገር ቢወስኑ እላለሁ።

1. ገበሬው የተናገረው ቃል፣ በተናገረበት ቋንቋ፣ ቦታውና ቀኑ ተጠቅሶ እንዳለ ይቀመጥ። የባለሙያው ትርጉም ከጎኑ ይጻፍ እንጂ አይተካው።

2. ባሕርይ ያለ ዘዴና ያለ ሚዛን አይመዝገብ። ሶፍትዌሩ ራሱ «እንዴት ለካኸው?» ብሎ ይጠይቅ።

3. ማሳ ላይ ኔትወርክ የለም። ያለ ኢንተርኔት የማይሠራ መሣሪያ ከተማ ውስጥ ለሚደረግ ማሳያ እንጂ ለሥራ አይሆንም።

4. አዲስ ቃል የማጽደቅ ኃላፊነት የማን እንደሆነ ከወዲሁ ይታወቅ። ፕሮግራም ጸሐፊው ብቻውን አይወስን፤ የሰብል ባለሙያ፣ የቋንቋ ሰው፣ ዘር የሚመርጡ እናቶችና አባቶች አብረው ይቀመጡ።

የኢትዮጵያ የዘር ባንክ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። እነ ዶ/ር መላኩ ወረደ ዘሩ ከገበሬው እጅ እንዳይጠፋ፣ በቅዝቃዜ ክፍልም በማሳም እንዲጠበቅ ደከሙ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ናሙናዎች ዛሬ እዚያ አሉ። ዘሩን ቅዝቃዜው ያቆየዋል። «ይህቺ ለእንጀራ፣ ይህቺ ለጠላ፣ ይህቺ ዝናብ ሲዘገይ» የሚለው እውቀት ግን ያለው ሰዎች ራስ ውስጥ ነው፤ ሰዎቹ ደግሞ እያረጁ ነው።

እናንተስ? አያቶቻችሁ የሚያውቁት፣ ስሙ ራሱ ጠባዩን የሚናገር የእህል ዓይነት ካለ ከነቦታው በአስተያየት መስጫው ጻፉልን። ስልክ ደውላችሁ ብትጠይቋቸው ደግሞ የበለጠ ነው።

ቸር እንሰንብት።