«እንተማመን» የሚሉት ውል

ቤት የሚያሠራ ወይም የሚያሳድስ የአዲስ አበባ ሰው አንዲት ቃል ሳይሰማ አይቀርም፦ «እንተማመን»። ኮንትራክተሩ ይላታል፤ ያገናኘው ደላላ ይላታል፤ «አይዞሽ፣ የምናውቀው ልጅ ነው» የሚል ዘመድም ይላታል። ለጆሮ ከዚህች የበለጠ ጨዋ ቃል የለም። እኔ ግን ዛሬ ይህችን ጨዋ ቃል ልከስሳት ተነሥቻለሁ። ብዙ ሰው የመጀመሪያ ቤቱን በእልልታ ተረክቦ በዕንባ የሚገባበት ምክንያት የኮንትራክተር ሌብነት ብቻ አይደለም፤ ይህች ቃል የውልን ወንበር ይዛ መቀመጧ ነው ባይ ነኝ።

ነገሩ የጥቂቶች ጣጣ እንዳይመስለን። በየካቲት 2011 ዓ.ም. በወጣው ዕጣ ብቻ ከ51 ሺህ በላይ የኮንዶሚኒየም ቤቶች ለዕድለኞች ተደልድለዋል። ከዕድለኞቹ መካከል በ1997 ዓ.ም. ተመዝግቦ ከአሥር ዓመት በላይ የጠበቀ አለ። ይህ ሰው ቁልፉን ሲቀበል በብዙ ሳይት የሚያገኘው ቤት ሳይሆን የቤት ጅምር ነው፦ ወለሉ ባዶ ሲሚንቶ፣ ግድግዳው ቀለም ያላየ፣ ማድቤቱ የቧንቧ ጫፍ ብቻ የሚታይበት። «ፊኒሺንግ» የምንለው ጉድ ከዚህ ይጀምራል። ሰውዬው በአንድ በኩል ለባንክ ይከፍላል፤ በሌላ በኩል የተከራየበትን ቤት ይከፍላል፤ ለማደሻው ደግሞ ዕቁቡን ለምኖ አስቀድሞ ወስዷል፣ ከእህት ከወንድም ተበድሯል። ሥራው አንድ ወር በዘገየ ቁጥር አንድ የቤት ኪራይ ይጨመርበታል፤ ያ ኪራይ የልጁ የትምህርት ቤት ክፍያ ነው።

እኔም ከእነዚህ ዕድለኞች አንዷ ነኝ። ቦሌ አራብሳ፣ አራተኛ ፎቅ፣ ባለ ሁለት መኝታ። መጀመሪያ የመጣው ኮንትራክተር ዕድሜው ከአባቴ ብዙም የማያንስ፣ ንግግሩ ለስላሳ ሰው ነበር። ክፍሎቹን በዐይኑ ለካ፤ ሜትር ከኪሱ አላወጣም። ከዚያም አንድ ድፍን ብር ጠራና «ግማሹን ዛሬ፣ ሰኞ ሥራ እንጀምራለን» አለ። «ጋሼ፣ ይህንኑ በወረቀት እናድርገው» አልኩት። ፊቱ ተለወጠ። «እህቴ፣ አላመንሽኝም ማለት ነው? ሃያ ዓመት ስሠራ ወረቀት የጠየቀኝ የለም» ብሎ ሄደ። አክስቴ ይህን ስትሰማ የወቀሰችው እኔን ነው። «ሰው እንዴት በፊቱ ሌባ ይባላል?» አለችኝ።

እንግዲህ በሽታው ይኸው ነው። በእኛ ዘንድ ወረቀት መጠየቅ መስደብ ሆኗል። ለምን ሲባልም «ባህላችን መተማመን ነው» ይባላል። ለመሆኑ ይህ እውነት ነው? ዕቁብ ባህላችን አይደለምን? ዕቁብ ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ መዝገብ አለው፤ ዕጣ የወጣለት ሰው ዋስ ሳይጠራ ገንዘቡን አይነካም። ዋስ ጥራ የተባለ ዕቁብተኛ «ተሰደብኩ» ብሎ ሲቆጣ አይቼ አላውቅም። ዕድርስ? ሞት በሚያሰባስበን ማኅበር እንኳ መተዳደሪያ ደንብ አለ፤ በቀብር ያልተገኘ ይቀጣል። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ያሉት አባቶቻችን ናቸው። ታዲያ ለዕቁብ ዋስ የሚጠራ ሕዝብ የዕድሜ ልክ ቁጠባውን አንድ የስልክ ቁጥር ብቻ ለሚያውቀው ሰው በቃል ሲያስረክብ ይህ የማን ባህል ነው? የእኛ አይደለም። ይህ ገንዘቡን በእጁ ያስገባ ወገን የሚመቸው ልማድ ነው።

እንዴት እንደሚመቸው ልናገር። ግማሹን ክፍያ በቅድሚያ የሚቀበል ኮንትራክተር ብዙ ጊዜ በአንቺ ገንዘብ የሚገዛው የአንቺን ሴራሚክ አይደለም፤ ከአንቺ በፊት የተዋዋለውን ሰው የቁም ሳጥን ይጨርስበታል። የአንቺን ቤት የሚጨርሰው ደግሞ ከአንቺ ቀጥሎ በሚመጣው ሰው ገንዘብ ነው። ቀጣዩ ሰው ከቀረ አንቺም ቀረሽ። ስልኩ ይጠራል፣ አይነሣም። «ነገ»፣ «ቀለም ቀቢው ታሞ ነው»፣ «ለቅሶ ሄጄ ነው» ይባላል። ይህ ዳኛና ጸሐፊ የሌለው ዕቁብ ነው። ሰውዬው የግድ ሌባ ላይሆን ይችላል፤ ግን የሌባ ሥራ በሚያሠራ አሠራር ውስጥ ተቀምጧል።

ይሁንና ሁሉንም በኮንትራክተሩ ላይ ማላከክ ፍርደ ገምድልነት ነው። ባለቤቱም «እንተማመን»ን ይጠቀምባታል። «እግረ መንገድህን ይህችን መደርደሪያ»፣ «ይህን ግድግዳ ደግሞ ወዲያ ብትገፋልኝ» እያለ በተነጋገሩበት ዋጋ የሁለት ቤት ሥራ ያሠራል። የዋጋውንም ነገር አንርሳ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በቀናት ውስጥ 100 ብር አለፈ። ከዚያ በፊት «ከነዕቃው» ብሎ የተስማማ ኮንትራክተር ከውጭ የሚመጣውን ሴራሚክና የቧንቧ ዕቃ በየትኛው ዋጋ ይግዛ? በቃል በተስማሙበት ከቀጠለ ይከስራል፤ ጨምሩልኝ ካለ አጭበርባሪ ይባላል፤ ከጠፋ ደግሞ እውነትም አጭበረበረ። በመካከል ያለ ደመወዝ የሚቀረው ከገጠር መጥቶ እዚያው ባዶ ክፍል ውስጥ የሚያድረው የቀን ሠራተኛ ነው። ስለዚህ ወረቀት የምንጠይቀው ለራሳችን ብቻ አይደለም።

ከሁሉ የሚብሰው ግን ሩቅ ሆኖ የሚያሠራው ነው። ዱባይ ወይም ቤሩት በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ እህት ለዓመታት ያጠራቀመችውን ለወንድሟ ትልካለች፤ ወንድሟ ለኮንትራክተሩ ይሰጣል። መተማመኑ እጥፍ ድርብ ነው፤ ወረቀቱ ግን አንድም የለ። ሥራው ሲበላሽ የሚበላሸው ወለል ብቻ አይደለም። ወንድምየው «በላህ» ይባላል፤ ምንም ባይበላ እንኳ አልበላሁም የሚልበት ማስረጃ የለውም። እንግዲህ ወረቀት ዝምድናን ያበላሻል የሚሉን ወረቀት በማጣት የፈረሰውን ዝምድና ይቁጠሩት።

ወረቀት ስል ባለ ማኅተም የሕግ ድርሳን ማለቴ አይደለም። ሁለት ገጽ ይበቃል። «ጥራት ያለው ሥራ»፣ «አንደኛ ደረጃ ዕቃ» የሚሉ ቃላት ግን አይግቡበት፤ እነዚህ ቃላት ባዶ ናቸው። ስንት ካሬ ሴራሚክ፣ መጠኑና ዓይነቱ፣ ዕቃውን የሚገዛው ማን፣ የእጅ ዋጋው በካሬ ስንት፣ ይባል። «መብራት ይዘረጋል» ሳይሆን «የምጣዱ መስመር ባለ 4 ሽቦ ሆኖ የራሱ ብሬከር ይኖረዋል» ይባል፤ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይስባል፣ ቀጭን ሽቦ ደግሞ እሳት ይወልዳል። የመታጠቢያ ቤቱ ወለል ሴራሚክ ከመልበሱ በፊት ውኃ ተሞልቶ 24 ሰዓት ይደር፤ መፍሰስ አለመፍሰሱን ሁለቱም ወገኖች አይተው ቀን ጽፈው ይፈርሙ። ክፍያው በሥራው ደረጃ ይከፋፈል፤ የመጨረሻው አሥር በመቶ ከርክክቡ በኋላ ጥቂት ቆይቶ ይከፈል። ተጨማሪ ሥራ ከተፈለገ ዋጋው ተጽፎ ይፈረም። የዕቃ ዋጋ ቢንር ማን ምን ያህሉን እንደሚሸከም አስቀድሞ ይወሰን። ይህን ለመጻፍ ጠበቃ አያስፈልግም፤ ሜትርና አንድ ሰዓት ይበቃል።

የእኔን ቤት የጨረሰው ሁለተኛው ኮንትራክተር እንዲህ ባለ ወረቀት ላይ ፈርሞ ነው የገባው። ቤት በገባሁ በሁለተኛው ወር የታችኛው ፎቅ ጎረቤቴ ጣሪያዋ ላይ እርጥበት አይታ ጠራችኝ። በከተማችን ልማድ ቢሆን ይህ የጠብ መጀመሪያ ነበር። እኔና ኮንትራክተሩ ግን ወረቀቱን ዘረጋን። ወለሉ ውኃ ይዞ 24 ሰዓት ማደሩ ከነቀኑ ተጽፏል፤ ስለዚህ የሚያፈስሰው ወለሉ አይደለም፣ የቧንቧ መገጣጠሚያ ነው አልን፤ መገጣጠሚያው ደግሞ በእርሱ ኃላፊነት ውስጥ መሆኑ ተጽፏል። ሦስት ሴራሚክ ተነሣ፣ መገጣጠሚያው ተለወጠ፣ በአንድ ቀን አለቀ። ወረቀቱ ስለተናገረ እኛ መጮህ አላስፈለገንም። ይህ ሰው ዛሬ ወዳጄ ነው፤ ሥራ ለሚፈልግ ሁሉ ስልኩን እሰጣለሁ። መተማመን ማለት ይህ ነው፤ ከወረቀቱ በኋላ መጣ እንጂ ወረቀቱን አላስቀረም።

«ሕጉስ ምን ይላል?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ሕጉ ከእኛ ቀድሟል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 3039 ላይ የሕንፃ ሥራ ተቋራጭ ሥራው በደንብ ስለመሠራቱና ስለ ጽናቱ ከርክክቡ ጀምሮ ለአሥር ዓመት መድን እንደሚሆን ይደነግጋል። ይህን ጊዜ የሚያሳጥር ስምምነት ዋጋ የለውምም ይላል። አሥር ዓመት! ግን ርክክቡ መቼ ነበር? ማን ለማን አስረከበ? ምን ነበር የተሠራው? «እንተማመን» ለእነዚህ ጥያቄዎች አንዱንም አትመልስም። ሕጉ የሰጠንን የአሥር ዓመት ጋሻ በአንዲት ጨዋ ቃል እንጥለዋለን።

ቤት አዳዮቹም ከወቀሳ አያመልጡም። ለባለ ዕድሉ የሽያጭ ውል ያስፈርሙታል፣ የባንክ ብድር ውል ያስፈርሙታል፣ በየገጹ ፊርማ ይቀበሉታል። ለመንግሥት ሲሆን ወረቀት ግዴታ ነው፤ ጅምሩን ቤት ይዞ ወደ ገበያ ሲወጣ ግን ብቻውን ይለቀቃል። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. የወጣው የኮንዶሚኒየም ዕጣ በኮምፒውተሩ መረጃ ላይ ማጭበርበር ተገኝቶ እንደተሰረዘና ኅዳር 2015 ዓ.ም. እንደገና እንደወጣ እናስታውሳለን። ያን ጊዜ የከተማው አስተዳደር «እንተማመን» ብሎ አላለፈውም፤ መረጃውን መረመረ። መልካም አደረገ። እኛም ያንኑ ለራሳችን እንጠይቃለን። ከቁልፉ ጋር የቤቱ ትክክለኛ ልክ፣ የቧንቧና የመብራት መስመሩ ንድፍ፣ እንዲሁም በአማርኛና በሌሎች ቋንቋዎቻችን የታተመ ባለ ሁለት ገጽ የማደሻ ውል ናሙና ይሰጥ። ወጪው የወረቀት ዋጋ ነው።

እስከዚያው ድረስ ግን እያንዳንዱ አዲስ ባለቤት ወረቀቱን ራሱ ይያዝ፤ ሲጠይቅም አይፈር። ሊሠራ የመጣ ሰው የሚሠራውን በመጻፉ የሚያጣው ክብር የለም። ውል ከተጻፈና ከተፈረመ በኋላ ቡናው ይፈላ፣ «እንተማመን»ም ትባል። ያኔ ለጆሮ ብቻ ሳይሆን ለቤትም የምትሆን ቃል ትሆናለች።