ዋቢ መጥቀስ ምስክርነት ነው



የመመረቂያ ፕሮጀክት ሲደርስ አብዛኞቻችን ጉግል ስኮላርን እንከፍታለን። ከእያንዳንዱ ጥናት ሥር ስንት ጊዜ እንደተጠቀሰ የሚናገር ቁጥር አለ። ቁጥሩ ትልቅ ከሆነ ጥናቱም ጠንካራ ነው ብሎ መውሰድ ቀላል ነው። ይህ አስተሳሰብ የት ሊያደርስ እንደሚችል የአንድ ታዋቂ ማይክሮባዮሎጂስት የሥራ ታሪክ ያሳየናል።

ዲዲዬ ራኡል ዳካር ተወልደው፣ ፈረንሳይ ማርሴይ ውስጥ ትልቅ የተላላፊ በሽታዎች ምርምር ተቋም የመሩ ሳይንቲስት ናቸው። ስማቸው የሰፈረባቸው ጽሑፎች ከ2 ሺህ ይበልጣሉ፤ በዘርፉ እጅግ ከሚጠቀሱት ተመራማሪዎችም አንዱ ናቸው። ይህ ባዶ ዝና አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2000 ቡድናቸው ለረጅም ዘመን ተመራማሪዎችን ያስቸገረውን የዊፕል በሽታ ባክቴሪያ በላቦራቶሪ ማሳደግ ቻለ። በ2003 ደግሞ ከባልደረቦቻቸው ጋር ሚሚቫይረስ የተባለውን፣ በተራ ማይክሮስኮፕ የሚታይ ግዙፍ ቫይረስ አስተዋወቁ። ስለ ሰው ስንናገር ኢንሷፍ ያስፈልጋልና ይህን አስቀድመን እንናገር።

እ.ኤ.አ. ማርች 2020 ላይ፣ ዓለም በኮቪድ ስትጨነቅ፣ ቡድናቸው ሃይድሮክሲክሎሮኪን የተባለው የወባ መድኃኒት ቫይረሱን ለማጥፋት እንደሚረዳ የሚገልጽ ጥናት አወጣ። ውጤቱ የተሰላው በ36 ሕሙማን ብቻ ነበር። መድኃኒቱን ከጀመሩት 26 ሰዎች ስድስቱ ከስሌቱ ወጥተዋል፤ ከእነሱ ሦስቱ ጽኑ ሕሙማን ክፍል የገቡ፣ አንዱ ደግሞ የሞተ ነበር። ጽሑፉ መጽሔቱ ዘንድ በደረሰ ማግስት ተቀባይነት አገኘ። ከጸሐፊዎቹ አንዱ የዚያው መጽሔት ዋና አዘጋጅ ነበሩ።

ጥናቱ ከ3 ሺህ ጊዜ በላይ ተጠቀሰ። መድኃኒቱ ተፈልጎ ሲጠፋ፣ በየቀኑ የሚወስዱት የሉፐስ ሕሙማን ተቸገሩ። በዚያው ዓመት ብሪታንያ ውስጥ ከ4 ሺህ 700 በላይ ሕሙማንን ያነጻጸረው ሪከቨሪ የተባለ ሙከራ፣ መድኃኒቱ ሆስፒታል የተኙትን ከሞት እንደማያድን አሳየ። መጽሔቱ ግን ጽሑፉን የሰረዘው በዲሴምበር 2024 ነው፤ ምክንያቱም በሥነ ምግባር ፈቃዱና በምርምር ዘዴው ላይ የተነሱ ጥያቄዎች ነበሩ። ከጸሐፊዎቹ ሦስቱ እነሱም ስጋታቸውን ገልጸዋል፤ ሌሎች ደግሞ መሰረዙን ተቃውመዋል።

ልብ እንበል፤ ጥናቱን ለመንቀፍ የጠቀሰውም፣ አምኖ የጠቀሰውም፣ ሳያነብ የጠቀሰውም በቆጣሪው ላይ እኩል አንድ ናቸው። ኤች ኢንዴክስ የሚባለውም መለኪያ ከዚህ አያመልጥም። ቢያንስ 20 ጊዜ የተጠቀሱ 20 ጽሑፎች ያሉት ሰው 20 ያገኛል፤ ለምን እንደተጠቀሱ ግን አይጠየቅም። በድልድይ ላይ ያለፈውን መኪና መቁጠር የድልድዩን ጥንካሬ መለካት እንዳልሆነ እኛ የምሕንድስና ተማሪዎች አናጣውም።

መድረሳ ያለፍን ሰዎች ደግሞ ይህን ነገር በሌላ ስም እናውቀዋለን። አንድን ወሬ መቶ ሰው ቢያወራው፣ መቶዎቹም የሰሙት ከአንድ ሰው ከሆነ፣ የሐዲስ ዑለሞች የሚመረምሩት ያንን አንዱን ሰው ነው፤ ታማኝነቱን፣ የማስታወስ ችሎታውን፣ ከማን እንደሰማ። የተናጋሪው ታላቅነትም ደካማውን ሰነድ ሶሒሕ አያደርገውም። የሰውየውን ክብር እየጠበቁ ሰነዱን ደካማ ማለት የቆየ የኢልም አደብ ነው።

«ስኮላርሺፕም ሥራም የሚገኘው በቁጥር ነው፤ ምን እናድርግ?» የሚል ይኖራል። እውነት አለው። በፈረንሳይ ሆስፒታሎች እንኳ ከሚያሳትሙት ጽሑፍ በሚሰላ ነጥብ በጀት ያገኛሉ። በነጥብ ገንዘብ የሚከፈል ከሆነ ብዙ መጻፍ መበረታታቱ አይቀርም። ያንን ሥርዓት ዛሬ አንለውጠውም። ነገር ግን ያ ቁጥር ከሰማይ አልወረደም፤ በየጽሑፋችን መጨረሻ በምንደረድረው ዋቢ አንድ አንድ እያልን የምንሠራው እኛው ነን። ዋቢ መጥቀስ ምስክርነት ነው፤ ያላየነውን ልንመሰክር አይገባም።

ስለዚህ በዘንድሮው ፕሮጀክታችን ሦስት ነገሮችን እንያዝ። ከመግቢያው አሳጥሮ የቀረበውን ብቻ ሳይሆን ዘዴውንና ውጤቱን ያላነበብነውን ጽሑፍ አንጥቀስ። ሌላው የጠቀሰውን ከመቅዳት ይልቅ ወደ መጀመሪያው ምንጭ እንሂድ፤ ስንት ናሙና፣ ማን ወጣ፣ ለምን ወጣ ብለን እንጠይቅ። ከማስረከባችን በፊት ደግሞ ጽሑፉ ያልተሰረዘ መሆኑን በመጽሔቱ ገጽ ላይ እንመልከት። አሥር ዋቢ ኖሮን አሥሩንም ብናውቃቸው፣ ከማናውቃቸው ስልሳ ይሻለናል።

ነገ መድኃኒት የሚያዘው፣ ድልድይ የሚሠራው፣ ውሃ የሚያጣራው ሰው በጻፍነው ላይ ይተማመናል። ኢልም አማና ነው። አላህ ጠቃሚውን ኢልም ይወፍቀን። አሚን።