«አይሆንም፣ እኔ ነኝ የምከፍለው»

ከሜክሲኮ ወደ ሳር ቤት በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ሁለት የሚተዋወቁ ሰዎች ከተገናኙ ግብግብ አይቀርም። ሰላምታው ሳያልቅ የሁለቱም እጅ ኪስ ውስጥ ይገባል። «ተው እንጂ!» «አይሆንም፣ እኔ ነኝ የምከፍለው።» «ባለፈውም አንተ ነህ የከፈልከው!» ረዳቱ በሁለት የተዘረጉ እጆች መካከል ቆሞ የማንን እንደሚቀበል ግራ ይገባዋል፤ ልምድ ያለው ረዳት ዝርዝር የያዘውን ይመርጣል። ብልጦቹ ደግሞ ጭራሽ አይከራከሩም። ከኋላ ወንበር ሆነው ወዳጃቸው ሳያያቸው ሒሳቡን በሰው በሰው ያሳልፉና፣ ረዳቱን በዓይን ጠቅሰው ቀድመው ይወርዳሉ። የተከፈለለት ሰው ነገሩን የሚያውቀው ረዳቱ «ተከፍሏል» ሲለው ነው።

ያን ጊዜ ፊቱን ተመልከቱት። የተሸወደ ሰው ፊት ነው። አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «ቆይ ብቻ፣ እንገናኛለን!» እያለ ይዝታል። ለደግነት በዛቻ የሚመለስበት አገር ከእኛ ሌላ ይኑር አይኑር እንጃ።

ከዚህ የታክሲ ልማድ መንፈሳዊ ትምህርት የሚያወጡ ሰባክያን ሰምቻለሁ፤ ትምህርቱ ታዲያ ሁልጊዜ የሚቀዳው ከከፋዩ ነው። በስውር መስጠትን፣ የቀኝ እጅን ሥራ ከግራ እጅ መሰወርን ከእሱ እንማራለን። ከፋዩ ደግ ሰው ነው፤ ክርክር የለኝም። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ያ አንገቱን በመስኮት ያወጣው ሰውዬ ነው። የመስጠትን ነገር ከሕፃንነታችን ጀምሮ ተምረነዋል፤ ባንኖረውም እናውቀዋለን። መቀበልን ግን ማንም አላስተማረንም፤ ከክርስትና ትምህርቶች ሁሉ ለእኛ የሚከብደንም እሱ ይመስለኛል።

እርግጥ ከየድስቱ ስብከት የሚጨምቁ ሰዎች ያደክሙኛል። ጀበና ቢገነፍል ትዕግሥት፣ መብራት ቢጠፋ የዓለም ፍጻሜ ይታያቸዋል። ጌታ ሴቲቱ ዱቄት ውስጥ ስለ ሸሸገችው እርሾ ሲናገር ግን እርሾው በመጀመሪያ እርሾ ነው፤ ሊጡን በእርግጥ ያቦካዋል፤ ቤት ውስጥ እንጀራ የጋገረ ሰው ሁሉ ይመሰክራል። ስለዚህ ታክሲውንም መጀመሪያ እንደ ታክሲ እንየው። ሰውየው ምን ከፋው?

የከፋው ውለታ ነው። ውለታ የመክፈያ ቀን የለውም፤ መጠኑም አይታወቅም። እናቶቻችን ማልደው ሲጸልዩ ከጤናና ከልጅ ቀጥሎ የሚለምኑት «የሰው እጅ አታሳየኝ» ብለው ነው። ይህን ጸሎት ትዕቢት ነው የሚል ካለ የሰው እጅ አይቶ የማያውቅ ሰው መሆን አለበት። ለበዓል ዋዜማ ዘይትና ዱቄት ሲታደል አይታችሁ ይሆናል፦ ተቀባዮቹ በባነር ሥር ይሰለፋሉ፣ ሰጪዎቹ በመካከል ይቆማሉ፣ ካሜራው ይነሣል። አምስት ሊትር ዘይት ለመውሰድ ፊቱን ለካሜራ ያስረከበ ሰው ዘይቱን ገዝቶታል እንጂ አልተሰጠውም። እንዲህ ያለ ሰጪ በበዛበት ዘመን መቀበልን መፍራት ጤነኝነት ነው።

የታክሲው ወዳጃችን ግን ካሜራ አልያዘም፤ ጭራሽ ወርዶ ሄዷል። የከፈለልንም የአንድ ጉዞ ሒሳብ ነው። እሱንም እንታገለዋለን። እንግዲያው ከውለታው በታች ሌላ ነገር አለ ማለት ነው። እኔ ስከፍል ቀኑንም ሰውየውንም መጠኑንም የምመርጠው እኔ ነኝ። ሲከፈልልኝ የምመርጠው ነገር የለም። ሰጪ ትንሽ ከፍ ብሎ ይቆማል፤ ከዚያች ከፍታ መውረድ ነው የሚያመን።

በዚህ ዓይን ወንጌልን ላነበበ ሰው አንድ የሚያስደነግጥ ነገር ይገለጥለታል፤ ጌታ በምድር በተመላለሰበት ዘመን ሁሉ ሲቀበል ነው የኖረው። የተኛበት ግርግም የእንስሳት ነው። ሕዝቡን ያስተማረበት ታንኳ የስምዖን ነው። ወደ ኢየሩሳሌም የገባበት ውርንጫ ከባለቤቶቹ ተለምኖ የመጣ ነው፤ የመጨረሻውን እራት የበላበት ሰገነትም የሰው ቤት ነው። ሉቃስ በ8ኛው ምዕራፉ ከገንዘባቸው ያገለግሉት የነበሩትን ሴቶች በስም ይጠራቸዋል፦ መግደላዊት ማርያም፣ የሄሮድስ አዛዥ የኩዛ ሚስት ዮሐና፣ ሶስና፣ ሌሎችም። መስቀሉን እንኳ የቀሬናው ስምዖን ተሸክሞለታል። የተቀበረው ዮሴፍ ዘአርማትያስ ለራሱ ባስወቀረው መቃብር ነው፤ ከርቤና እሬቱን ያመጣው ኒቆዲሞስ ነው።

ሲካር ላይ፣ በያዕቆብ ጉድጓድ አጠገብ የሆነውን ደግሞ አስቡት። ሳምራዊቷን ሴት ሊሰጣት የመጣው እሱ ሆኖ ሳለ ነገሩን የጀመረው ውሃ በመለመን ነው። አይሁድ ከሳምራውያን ጋር በማይተባበሩበት አገር፣ ከእሷ እንስራ ሊጠጣ ጠየቀ። ሴትዮዋ በቀትር ብቻዋን ውሃ ልትቀዳ የመጣች ናት። ስብከት ቢጀምርላት ጥላው የምትሄድ ይመስለኛል። ሲለምናት ግን ቀና አለች፤ ቀና ብላም ተከራከረችው። ውሃ የሚሰጥ ሰው የመከራከር መብት አለውና።

ቢታንያም ሌላው ነው። ከ300 ዲናር በላይ ይሸጥ ነበር የተባለ ሽቱ አንዲት ሴት በአንድ ጊዜ አፈሰሰችበት፤ የአንድ የቀን ሠራተኛ ደሞዝ አንድ ዲናር ነበርና የዓመት ገቢ ማለት ነው። የተቆጡት ሰዎች ያነሡት ነገር እኮ ትክክል ይመስላል፤ ተሽጦ ለድሆች ቢሰጥስ አሉ። እኛ ብንሆን ሴትዮዋን «ምን አስቸገረሽ?» ብለን እጇን እንይዛት ነበር። እሱ ዝም ብሎ ተቀበላት፤ የነቀፏትንም ተዉአት አላቸው።

መጽሐፍ ከሚቀበል ይልቅ የሚሰጥ ብፁዕ ነው ይል የለም ወይ የሚል አይጠፋም። ይላል። ቃሉ በአራቱም ወንጌሎች አይገኝም፤ ጳውሎስ የኤፌሶንን ሽማግሌዎች ሲሰናበት የጌታ ቃል ነው ብሎ የጠቀሰው ነው። ያው ጳውሎስ ግን እስር ቤት ሆኖ የፊልጵስዩስ ሰዎች በአፍሮዲጡ እጅ የላኩለትን ስጦታ ተቀብሎ ሲያመሰግን እናገኘዋለን። ሁሉም ሰጪ ከሆነ ብፁዑ ሰው ለማን ሊሰጥ ነው?

ወደ ራሳችን ስመለስ ከመጽሐፍ ሰዎች ሁሉ እኛን የሚመስለው ሶርያዊው ንዕማን ነው። የጦር አለቃ ነው፤ ለምጽ ወጥቶበታል። ወደ ኤልሳዕ ሲሄድ ባዶ እጁን አልሄደም፤ 10 መክሊት ብር፣ 6000 ወርቅ፣ 10 መለወጫ ልብስ ይዟል። መዳኑን ሊገዛ ነው የመጣው። ነቢዩ ከቤቱ እንኳ ሳይወጣ፣ በዮርዳኖስ ሰባት ጊዜ እንዲታጠብ መልእክተኛ ላከበት። ንዕማን ተቆጣ። የተቆጣው ትእዛዙ ከብዶት ሳይሆን ቀልሎት ነው! የደማስቆ ወንዞች አባናና ፋርፋ አይሻሉም ወይ ብሎ ፊቱን መለሰ። ጌታቸውን የሚያውቁት አገልጋዮቹ ናቸው የመለሱት፤ ነቢዩ ከባድ ነገር ቢያዝዝህ ኖሮ አታደርገውም ነበርን ብለው። ነጽቶ ሲመለስም መጀመሪያ ያሰበው ክፍያውን ነው። ኤልሳዕ ምንም አልወስድም አለ። ከዚያ ሒሳብ ከፊሉን የነቢዩ ሎሌ ግያዝ ሮጦ ተቀበለ፤ ለምጹንም አብሮ ወረሰ።

እኛም ከባድ ነገር ቢታዘዝልን እንወዳለን። 55 ቀን ጹም ብንባል እንጾማለን፤ ተራራ ላይ ወዳለ ገዳም በእግር ሂድ ብንባል እንሄዳለን። ይህን የምለው ጾሙን ለማቃለል አይደለም፤ ጾም ራሱ በሥርዓቱ ሲጾም መቀበያ እጅ ነው። ግን በልባችን ጥግ ያችን 10 መክሊት ይዘን የምንጾም ስንት ነን? ጾሙ ሲፈታ «እኔ እኮ እንዲህ ጾሜ...» የሚል ደረሰኝ በእጃችን የሚገኝብን?

ጸሎተ ሐሙስ ቀን ቤተ ክርስቲያን የምትሠራው ሥርዓት ይህን በሽታችንን ያወጣዋል። ካህናቱ፣ አንዳንድ ቦታም ጳጳሱ፣ ዝቅ ብለው በወይራና በወይን ቅጠል የምእመናንን እግር ያጥባሉ። ተራ የሚጠብቁትን ልብ ብላችሁ እዩ፤ አብዛኛው ሰው እግሩን ቤቱ በሳሙና ፈትጎ አጥቦ ነው የመጣው። ካልሲው አዲስ ነው። ታጥቦ የመጣ እግር ይታጠባል። አልፈርድባቸውም፤ እኔም የማደርገው ይህንኑ ነው። ጴጥሮስ ግን ከእኛ ይልቅ ግልጽ ነበር፤ ጌታ እግሩን ሊያጥበው ሲመጣ በፍጹም አታጥበኝም ብሎ ፊት ለፊት እንቢ አለ። ካልታጠብክ ከእኔ ጋር ዕድል የለህም ሲባል ደግሞ እጄንም ራሴንም ጨምር አለ። እንቢታውን ቢተውም መጠኑን ለመወሰን ሞከረ። እሱንም አልተፈቀደለትም።

ከዚህ የሚከብደው ቅዳሴው ላይ ነው። በተራ እሑድ ወደ ቁርባን የሚቀርቡትን ተመልከቱ፦ ሕፃናትና አረጋውያን ይበዛሉ። በ80 ቀኗ ተጠምቃ የመጀመሪያዋን የምትቀበል ሕፃን አለች። በመካከል ያለነው፣ ጉልበትና ገቢ ያለን፣ ነጠላችንን አጣፍተን ወደ ኋላ እንቆማለን። ለምን ስንባል «አልበቃሁም» እንላለን። መልሱ ትሑት ይመስላል፤ የንስሐን ሥርዓት የሚያቃልል ሰው እንዳለ አባቶች ያውቁታል፣ የእነሱን ቦታ ገብቼ አልናገርም። እነሱ ራሳቸው ግን ከዓውደ ምሕረቱ «ንስሐ ግቡ፣ ቅረቡ» ሲሉን እንሰማቸዋለን፤ እኛ ለሚቀጥለው ዓመት እናስተላልፈዋለን። አንድ ቀን በቅተን፣ ሒሳባችንን ዘግተን፣ ቀና ብለን የምንመጣ ይመስለናል። ያቺ የ80 ቀን ሕፃን ምን ዘግታ ነው የመጣችው?

መቀበልን የምናውቅበት አንድ ቦታ ቢኖር ልቅሶ ቤት ነው። ዕድር የሚባለውን ነገር ያሰበ ሰው ብልህ ነው፤ በየወሩ ሁሉም እኩል ስለሚያዋጣ በክፉ ቀን ማንም ለማኝ አይሆንም። ድንኳኑ ይተከላል፣ ወንበሩ ይመጣል፣ ሴቶቹ እዝን ይዘው ይገባሉ። እስከ ሠልስት ድረስ ባለ ሐዘኑ ቁጭ ይበል ይባላል። ቁጭ ይላል። እንግዳ ሲመጣ የማይቀመጠው አባወራ ይቀመጣል።

እናቴ ያረፈች ጊዜ አባቴም ተቀምጧል። አባቴ ከሰው ቤት ቡና እንኳ የማይጠጣ ሰው ነበር፤ «በኋላ መልሱ ነው ጣጣው» ይል ነበር። ከጎረቤታችን ከአንዲት ሴት ጋር በፍሳሽ ቦይ ምክንያት ተጣልተው ዓመታት አልተነጋገሩም። ያን ዕለት ሴትየዋ በሰሐን ሽሮ ይዛ ገባች፤ በቀጥታ ወደ እሱ መጣች። ድንኳኑ ሁሉ አያት።

«ጋሼ፣ ትንሽ ይቅመሱ።»

«አልችልም፣ ተይኝ።»

«ለልጆቹ ሲሉ» አለችና ጠቅልላ አፉ ላይ አቀረበችው። ሁለት እጁ ጋቢው ውስጥ ነበር። አባቴ አፉን ከፈተ።

ከአርባው በኋላ ዕዳውን ለመዝጋት እኔን አንድ ኪሎ ቡና አስይዞ ላከኝ። «እንዳትቀመጥ፣ ሰጥተሃት ና» አለኝ። ሴትየዋ ቡናውን ፈገግ ብላ ተቀበለችኝ። በነጋታው ሽታው አጥሩን አልፎ መጣ፤ ወዲያው ልጇ በራችንን አንኳኳ፤ «እማዬ ቡና ደርሷል ብላለች።» አባቴ የራሱ ቡና ስለሆነ እንቢ የሚልበት ምክንያት አጣ። ሄደ። አቦል ጠጥቶ ሊነሣ ሲል «ጋሼ፣ በረካውን ሳይጠጡማ አይሄዱም» ተባለ። አንድ ኪሎ ቡና ደግሞ ቶሎ አያልቅም። ቦዩ በዚያው ሰሞን ተጠረገ፤ ማን እንደ ጠረገው ሁለቱም አላመኑም። አባቴ እስከ ዕለተ ሞቱ ስለዚያች ሴት ሲነሣ የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦

«ብልጥ ናት። በራሴ ቡና ነው የበላችኝ።»