ደራሲን ማን ይቅጠር?

ዲናው መንግሥቱ አዲስ አበባ ተወልዶ በ2 ዓመቱ አሜሪካ የገባ ደራሲ ነው። ሦስት ልብ ወለዶቹ እ.ኤ.አ. በ2007፣ በ2010 እና በ2014 ወጡ። አራተኛው የታተመው በ2024 ነው። 10 ዓመት! እስከዚያ በምን ኖረ? ባርድ ኮሌጅ ድርሰት ያስተምራል። ሳይጣደፍ እንዲጽፍ ደመወዙ የረዳው ይመስለኛል።

እኛ ጋር ደራሲ ቀን ቢሮ ውሎ ሌሊት ይጽፋል። ዩኒቨርሲቲዎቻችን ስለ ሥነ ጽሑፍ የሚያስተምር አላቸው፤ አጻጻፍ የሚያስተምር ደራሲ ግን ብርቅ ነው። ለመቀጠር የሚጠየቀው ዲግሪ እንጂ መጽሐፍ አይደለም።

አሶሳ ዩኒቨርሲቲ ለአንድ ዓመት አንድ ደራሲ ቢቀጥር ወጪው የአንድ መምህር ደመወዝ ነው። ሆሞሻ ውስጥ የበርታ ተረት ሰምተው ያደጉ ልጆች ግን የሰሙትን ወደ ልብ ወለድ መለወጥ ይማራሉ።

እናንተስ ምን ትላላችሁ?