የሚናገር ሣጥን ለመርካቶ

ቴሌብር በግንቦት ወር 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ፤ በመርካቶ የዕቃን ዋጋ በእጅ ስልክ መቀበል የዘወትር ነገር ሆኖአል። ነገር ግን በበዓል ዋዜማ ባለሱቁ ለአንዱ ጨርቅ እየለካ ለሌላው ዋጋ ሲነግር፤ ሦስተኛው ገዢ «ልኬአለሁ» ብሎ ስልኩን ብልጭ ያደርግለትና ዕቃውን ይዞ ይሄዳል። የታየው መልእክት ሐሰተኛ ሊሆን ይችላል፤ የሄደው ጨርቅ ግን እውነተኛ ነው።

በሕንድ አገር ፔይቲኤም የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ለዚህ ችግር አስደናቂ መላ አቅርቦአል። ሲም ካርድ ያላት ትንሽ ሣጥን በሱቁ መደርደሪያ ላይ ትቀመጣለች፤ ገንዘቡ በባለሱቁ ሒሳብ ሲገባ መጠኑን ጮኻ በአገሬው ቋንቋ ትናገራለች። ያልገባውን አትናገርም።

አባቶቻችን የማርያ ቴሬዛን ብር የሚቀበሉት በትከሻዋ ጌጥ ላይ ያሉትን ፈርጦች ቈጥረው ነበር። ዛሬ የሚቈጠር ፈርጥ ስለሌለ፤ ነጋዴው ዕቃው ከመውጣቱ በፊት የገዢውን ሳይሆን የገዛ ራሱን ስልክ ይመልከት። የኤሌክትሮኒክስ አስመጪዎቻችንም የስልክ ልባስ ከማብዛት ይልቅ ይህችን ሣጥን ቢያስቡባት፤ ገንዘብ አስተላላፊዎቹም በአማርኛ፤ በኦሮምኛና በጉራግኛ ቢያናግሩአት እንወዳለን። የሽያጩን ልክ ጎረቤት እንዳይሰማበት የሚፈራ ነጋዴ እንዳለ አልዘነጋንም፤ ለእርሱም ድምፅዋ ይቀነሳል።