ጡንቻ በቆርቆሮ አይሸጥም



ወጣቶቻችን ስፖርት መሥራታቸው ያኮራናል። ነገር ግን «ጡንቻ ያሳብጣል»፣ «ስብ ያቀልጣል» እየተባለ በሻንጣ የሚገባው ዱቄትና ክኒን አሳስቦናል። የቀን ሥራ የሚሠራው ልጅ ሳይቀር ምሳውን እየዘለለ ለዱቄት ሲቆጥብ እናያለን። ይህማ ጭራሽ የተገላቢጦሽ ነው።

«ከአሜሪካ የመጣ ነው» ማለት ተመርምሯል ማለት አይደለም። በዚያ አገር በፈረንጆች 1994 በወጣው ሕግ መሠረት፣ እንዲህ ያለውን ዕቃ ገና ለገበያ ሳይቀርብ መርምሮ የሚያጸድቅ መሥሪያ ቤት የለም። ኤፌድራ ያለበት ክብደት መቀነሻ በየሱቁ ሲቸበቸብ ቆይቶ፣ ልብን እንደሚጎዳ ታውቆ እዚያው የታገደው በ2004 ነው። ሲቡትራሚን የተባለው መድኃኒትም ለልብ ሕመምና ለስትሮክ ስለሚያጋልጥ በ2010 ከገበያ ወጥቷል። ከዚያም ወዲህ «ከቅጠል የተሠራ» በሚባሉ ክብደት መቀነሻዎች ውስጥ ተደብቆ ተገኝቷል።

የፕሮቲን ዱቄት ሁሉ መርዝ ነው አንልም። ግን አንዱ መስፈሪያ ብዙውን ጊዜ የሚይዘው ከ20 እስከ 25 ግራም ፕሮቲን ነው። አራት እንቁላልም ያንኑ ያህል አለው። ሽሮው፣ ምስሩ፣ ባቄላውም ከቤታችን አልጠፋም። ጡንቻን የሚሠራው ልፋት፣ ምግብና እንቅልፍ ነው።

ስለዚህ ወጣቶች ሆይ፣ ከመግዛታችሁ በፊት ሻጩን ሳይሆን የጤና ባለሙያ ጠይቁ። ክኒን ወስዶ ልቡ የሚመታበት ካለ ክኒኑን ትቶ ፈጥኖ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ወላጆችም በቁጣ ሳይሆን በምክር እንቅረባቸው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት