787ቢ እና የሾፌሩ ጥም

ልጆቻችሁ «ግራን ቱሪዝሞ» በተባለው የቪዲዮ ጨዋታ የሚነዷት ብርቱካንማና አረንጓዴዋ ማዝዳ 787ቢ እውነተኛ ታሪክ አላት። ሰኔ 15 እና 16 ቀን 1983 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር በተካሄደው የለማን የ24 ሰዓት ውድድር፣ ሦስት ሾፌሮች እየተፈራረቁ 362 ዙር ነድተዋት፣ ከጃፓን ሠራሽ መኪናዎች የመጀመሪያውን ድል ተቀዳጀች። ሞተሯ ፒስተን የለውም፤ በአራት ሮተሮች ይሠራል። ጩኸቱን ልጆቹ በሚገባ ያውቁታል፤ እናቶችም ሳይወዱ! ሲመራ የነበረው መርሴዲስ ሞተሩ ግሎ ሲቆም ግንባር ቀደም ሆነች።

ጨዋታው የማያሳየው ጥሙን ነው። የመጨረሻውን ተራ የያዘው እንግሊዛዊው ጆኒ ኸርበርት እስከ ፍጻሜው ነድቶ ከመኪናዋ እንደ ወረደ ሰውነቱ ውሃ አጥቶ ተዝለፈለፈ። እርሱ ወደ ሕክምና ሲወሰድ፣ በአሸናፊዎች ሰገነት የቆሙት ሁለቱ ጓዶቹ ብቻ ነበሩ። ኸርበርት በዚያ ሰገነት የቆመው በ2003 ዓ.ም.፣ ያችኑ መኪና በለማን ለትርኢት በነዳባት ጊዜ ነው።